የተቀመሰው ዱባ

መርማሪዋ ወዳጇ ቤት የሄደችው ሬሳ ልታይ አልነበረም። ዱባ ልታይ ነበር።

በጋው እያለቀ ነው። ቅጠሉ ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆኗል፣ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፤ ጓሮ ያለው ሰው ግን ፍሬ የሚጠግበው በዚህ ሰሞን ነው። ወዳጇ አናጢው በስልክ «ሌባ ይዣለሁ» ብሏት ነበር፣ እየሳቀ። «እስር ቤት የሚገባ ሌባ እንዳይመስልሽ ደግሞ። ነይና ጓሮዬን እያየሽ አጫውትሻለሁ። ዘምቢል ያዢ፣ ባዶ እጅሽን አልሸኝሽም።»

ዘምቢሏን ይዛ መጣች። በሩ ላይ የጠበቃት ግን አናጢው ሳይሆን ፖሊስ ነው።

«ማለፍ አይቻልም፣ እናቴ።»

«የማን እናት?» አለችና መታወቂያዋን አፍንጫው ሥር ደቀነችበት። ፖሊሱ ሳጅን ነው። መታወቂያውን ሲያነብ ከበሩ ዘወር አለ። በመሥሪያ ቤቱ «ወንፊት» የምትባል ዋና መርማሪ እንዳለች ሰምቷል። እሷ ያልነፋችው ነገር እንክርዳዱ አይለይም ይባልላታል፤ ስትቆጣም አለቃም አትምርም።

አናጢው በዱባውና በቲማቲሙ መደብ መካከል በጎኑ ተኝቷል፤ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ፣ አንድ እጁን አፈሩ ውስጥ ቀብሮ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ውሃ ማጠጫው እግሩ ሥር ተገልብጧል። ከጀርባው ራቅ ብሎ፣ መደቡን በከበበው ድንጋይ ላይ፣ አንድ ባዶ ብርጭቆ ቀጥ ብሎ ቆሟል። መርማሪዋ ብርጭቆውን አየችው። ከዚያ የወዳጇን እጅ አየችና ጥርሷን ነከሰች።

«ጉዳዩ ግልጽ ነው፣ አለቃዬ» አለ ሳጅኑ ከኋላዋ። «ሴት ልጁ ትናንት ጠዋት ዱባ ጠብሳ አስቀመጠችለትና ሥራ ሄደች። ምሳውን በላ። አስመለሰው፣ አስቀመጠው፣ ውሃው ከሰውነቱ አለቀ። ሐኪሙ አይቶታል፣ መርዝ ነው ብሏል። ከሳህን የተረፈውን እኔ ራሴ በምላሴ ጫፍ ብነካው እሬት ነው፤ አፌ እስካሁን አልተፈታም። ያበሰለችው እሷ፣ ያልበላችው እሷ፣ ማታ እቤት ያላደረችው እሷ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዣት እሄዳለሁ።»

«ጨረስክ?»

«አዎ።»

«ድንቅ ነው! ሰውየው ገና ከመሬት እንኳ አልተነሣም፣ አንተ ጨርሰሃል። መርዝ ሰጪ ሰው የተረፈውን መርዝ ከነሳህኑ ለፖሊስ ታስቀምጣለች? ደፍታ አታጥበውም? እኔ መንገድ ላይ ሲያስነጥሰኝ ብትሰማ ቫይረስ በማሰራጨት ትከሰኝ ነበር። ተወኝ። ልጅቱን አሳየኝ።»

መርማሪ ቁጣ አይመቸውም የሚሉ አሉ። እነዚያ ሰዎች ወዳጅ ሞቶባቸው፣ ሞቱም ፊታቸው ላይ እንደ ቆሻሻ ሲጠረግ አይተው አያውቁም።

ልጅቱ ወጥ ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ፀጉር ሠሪ ናት፤ ጣቶቿ ላይ የቀለም ምልክት አለ። መርማሪዋን ስታይ ተነሣች።

«እትዬ፣ እኔ አልገደልኩትም።»

«ተቀመጪ፣ የኔ ልጅ። ለምን አላደርሽም?»

«ዛሬ ማለዳ የምሠራት ሙሽራ ነበረችኝ። ቤቷ ሩቅ ነው፤ እዚያው አደርኩ። ስመለስ…»

«ዱባውን ከየት አመጣሽው?»

«ስነሣ ጠረጴዛው ላይ አገኘሁት። ‹ይሄን ጥበሺልኝ› አለኝ። ከጓሮ የቆረጠው መስሎኝ። ላጥኩት፣ ከተፍኩት፣ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።»

«አልቀመስሽም?»

«የሚጠበስ ዱባ ምኑ ይቀመሳል? እኔ ደግሞ ዱባ አልወድም። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለ ዱባ ስሰማ ነው የኖርኩት፤ ሰለቸኝ።»

«እሺ። አባትሽስ? ሳጅኑ በምላሱ ጫፍ ነክቶ አፉን ያጣመመበትን ነገር እንዴት ሳህን ሙሉ በላ?»

ልጅቱ በሩን አየች፤ ሳጅኑ ተደግፎት ቆሟል። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ካለፈው ዓመት ትኩሳት ወዲህ ምላሱ ሞቷል። ጨውና ስኳር አይለይም። እኔም የደረስኩበት ሻዩ ውስጥ ጨው ጨምሮ ሲጠጣ አይቼው ነው። ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኝ ነበር። ጎረቤቶቻችን፣ እነ ጋሽ ዳኛ፣ እነ ጥርስ ሐኪሟ፣ በጋው ሊያልቅ ሲል ተራ በተራ ጓሯቸውን ይጎበኛኛሉ። ቀማሹ እሱ ነው። እሱ ጣፋጭ ነው ካለ ጣፋጭ ነው፣ በቃ። ‹የቀማሽ ምላሱ ሞተ ቢባል መሳቂያ እሆናለሁ› አለኝ። የእነሱን ፊት እያየ ነበር የሚፈርደው።»

«ይኸው!» አለ ሳጅኑ። «ምላሱ መሞቱን ታውቃለች!»

«አንተ ደግሞ ምላስህ ሕያው መሆኑን አሳወቅከን» አለችው መርማሪዋ። ወደ ልጅቱ ዞራ፣ «ትናንት ሌላ ምን አለሽ?»

«ደስ ብሎት ነበር። ‹ሰው ሲጸጸት ደስ ይላል› አለኝ። ማን ተጸጸተ ስለው ሳቀና ‹ሂጂ፣ ሙሽራሽን አታስጠብቂ› አለኝ።»

«ብርጭቆውን መደቡ ላይ ያቆምሽው አንቺ ነሽ?»

«የምን ብርጭቆ?»

መርማሪዋ ተነሣች። ወደ ጓሮ ወጣች።

የአናጢው ዱባዎች አመድማ ናቸው፤ በጭራቸው ዙሪያ እንደ ኮከብ የተሠነጠቀ ቀይ ምልክት አላቸው። እያንዳንዱ ጭራ ላይ ነጭ ቀጭን ክር ታስሯል። አንዱንም አልዘለለችም፤ ጎንበስ እያለች ሁሉንም ዳበሰች። ክር የሌለው ዱባ በመደቡ ላይ የለም።

ከዚያ ከአጥሩ ጥግ ወዳለው የብስባሽ ጉድጓድ ሄደች፤ የወጥ ቤት ልጣጭ ሁሉ የሚጣለው እዚያ ነው። የሽንኩርቱን ልጣጭ ጉንዳን ወሮታል። የሐብሐቡንም ወሮታል። የዱባውን ልጣጭ ግን ጉንዳን እንኳ ንቆ በአጠገቡ ያልፋል። አንድ ቁራጭ አነሣችና በምላሷ ነካችው፤ ጥሬውን፣ እሳት ያላየውን። ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር መረራት። ምራቋን ተፋች፣ ደግማ ተፋች። ከዚያ በጭራው በኩል የተቆረጠውን ክዳን ፈልጋ አገኘች። ኮከቡ አለ። ክር የለም። ከጭራው ሥር በቢላ የወጣ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ።

«ሳጅን፣ ይህንን እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቀው።»

«ልጣጩን?»

«ልጣጩን። ዛሬ በዚህ ግቢ ውስጥ እውነት የሚናገር ይኸው ልጣጭ ብቻ ነው።»

ጥርስ ሐኪሟ ጎረቤት ናት፤ ጓሮዋ ከአናጢው ጓሮ በአጥር ይለያል። ለመርማሪዋ በር ስትከፍት ዓይኗ አብጦ ነበር።

«ስንት ሰው አፉን ከፍቶልኛል» አለች፣ «መሰርሰሪያው አፉ ውስጥ እያለ የሚቀልድ ግን እሱ ብቻ ነበር።»

«ባለፈው ሳምንት ስትጮሂበት ተሰምቷል።»

«ጮኼአለሁ! የበለስ ዛፌን ቅርንጫፍ ፀሐይ ከለከለኝ ብሎ ቆረጠብኝ። በማግስቱ ያንኑ ቅርንጫፍ ማንኪያ አድርጎ ጠርቦ አመጣልኝ። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ቂም እንዴት ይያዛል? ንገሪኝ!»

«ምላሱ መሞቱን ታውቂ ነበር?»

«የጥርስ ሐኪሙ ነኝ እኮ። ግን የታካሚ ምስጢር ነው፤ አላወራሁም።» ትንሽ አሰበች። «ባለፈው ጉብኝት ግን ልያዝ ነበር። ዳኛው ጓሮ ውስጥ ኪያር ቀረበልን። እኔ ነክሼ በመሐረቤ ተፋሁት፤ እንዲህ የሚመር ኪያር አይቼ አላውቅም። እሱ የኔን ፊት አላየም፤ ‹ግሩም ነው› ብሎ ዋጠው። በድንጋጤ ቀና ስል ዳኛው አፍጥጦ ያየዋል። ከዚያ ፈገግ አለና ሌላ ቁራጭ ሰጠው። እሱንም በላው። ዳኛው ኪያሩን ሳይቀምስ ነው ያቀረበው ብዬ ዝም አልኩ።»

መርማሪዋ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። «ዱባዎቹ ላይ ያለው ክር ምንድነው?»

ጥርስ ሐኪሟ በእንባዋ መሐል ሳቀች። «የጥርስ ክር ነው፣ ከእኔ የሚወስደው። ሟች ባለቤቱ የሳይንስ መምህርት ነበረች፤ ያንን የዱባ ዘር ለማውጣት ዕድሜዋን ነው የጨረሰችበት። የዱባ አበባ ሊፈነዳ ሲል አፉን በክር ታስሪዋለሽ፣ ጠዋት ከዚያው ዘር ወንድ አበባ ወስደሽ ታራክቢውና መልሰሽ ታስሪዋለሽ፤ ፍሬ ሲይዝ ክሩን ለምልክት ጭራው ላይ ታደርጊዋለሽ። አለዚያ ንብ ከየትም ከየትም ብናኝ ታመጣና ዘሩ ይደባለቃል። በተለይ ከጌጥ ዱባ ጋር ከተደባለቀ ያ ዘር በሚቀጥለው ዓመት መራራ ያፈራል፣ የሚገድል መራራ። ‹ያልታሰረ አበባ እዚህ ቤት ፍሬ አይሆንም› ትል ነበር። እኛ አበባዎቿን ‹እነ ወይዘሪት› እንላቸው ነበር።»

«አንቺስ ዱባ ትተክያለሽ?»

«በምን ቦታ? የኔ ጓሮ መሐረብ ታክላለች። ቲማቲምና ቃሪያ ነው ያለኝ። ዱባ የሚሰጡኝ እሱና ዳኛው ናቸው። ስንሰጣጣ ደግሞ ሕግ አለን፤ ሰጪው ከጭራው ሥር በቢላ አራት ማዕዘን ውታፍ ቆርጦ ያወጣል፣ ተቀባዩ ፊት ይቀምሳል፣ ውታፉን በቦታው መልሶ ዱባውን ይሰጣል። ያለዚያ ማንም አይቀበልም። ‹ራስህ ያልቀመስከውን አታጉርሰኝ› ነው ነገሩ።»

መርማሪዋ አመስግና ተነሣች። ሳጅኑን ወደ ጥግ ሳብ አድርጋ የምትፈልገውን በጆሮው ነገረችው፤ የፍተሻ ፈቃድ ከጣቢያ እንዲያመጣ ላከችው። ራሷ መንገዱን ተሻግራ ዳኛው ቤት ሄደች።

ዳኛው ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ሰፈሩ ግን አሁንም «ክቡር ዳኛ» ይለዋል፤ እሱም ይወደዋል። በበሩ ላይ በተሠራው ቅስት የጌጥ ዱባዎች ተንጠልጥለዋል፤ ቡጢ የሚያክሉ፣ ዥንጉርጉር፣ ለዓይን እንጂ ለአፍ ያልተፈጠሩ። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በመስተዋት የተከበበ ሜዳሊያ አለ፤ ከሥሩ ፎቶ፤ በፎቶው ላይ ዳኛው አመድማ ዱባ አቅፎ ቆሟል። «የዳኛው ማር» ይላል ጽሑፉ፣ «በከተማው የአትክልት ትርዒት አንደኛ»። የዱባው ጭራ ዙሪያ እንደ ኮከብ የተሠነጠቀ ቀይ ምልክት አለው።

«ያሳዝናል» አለ ዳኛው፣ እግሩን አነባብሮ። «ልጅቱን ከሕፃንነቷ አውቃታለሁ። ሆን ብላ ነው አልልም። ቸልተኝነት ነው። ለቸልተኝነት ሕጉ ቀለል ይላል። የምሕረት አስተያየት እጽፍላታለሁ።»

መርማሪዋ እጇን ጭኗ ላይ ጨበጠች። ገና ያልተከሰሰችን ልጅ አስፈርዶ፣ ምሕረቱንም አብሮ ይሸጣል! «ደግ ነዎት» አለች። «ሟቹን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አዩት?»

«ከባለፈው ጉብኝት ወዲህ ደጁን አልረገጥኩም።»

«ይህን ዘር እርስዎ ነዎት ያወጡት?»

«በትዕግሥት፣ እህቴ። ትልቁን መርጦ፣ ጣፋጩን መርጦ፣ ዘሩን በጥላ አድርቆ። ሌላ ጥበብ የለውም።»

«አበባውንስ?»

«አበባውን ምን?»

«ምንም። የዘንድሮውስ እንዴት ነው?»

«ማር! እንደ ስሙ ማር ነው። ግን ለትርዒቱ አላቀርብም። ወዳጄ ሞቶ እኔ መድረክ ላይ ልወጣ? አይሆንም።»

«አንድ ብንቆርጥ?»

«ገና አልበሰለም» አለ ዳኛው፣ ቸኩሎ።

ፀሐይዋ ወደ ጣሪያዎቹ ሳታዘቀዝቅ ሁሉም በአናጢው ጓሮ ተሰበሰቡ። ሬሳው ተነሥቷል፤ የተኛበት አፈር ግን የጎኑን ቅርጽ እንደያዘ ነው። ልጅቱ እዚያ አጠገብ ቆመች። ጥርስ ሐኪሟ እጇን ያዘቻት። ዳኛው ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ። ሳጅኑ ሁለት ጆንያ ከአጥሩ ሥር አስቀምጦ ላቡን ይጠርጋል።

መርማሪዋ አልተቀመጠችም። ቁጣዋ አያስቀምጣትም።

«በሳጅኑ ነገር ልጀምር። መርዝ በምግቡ ተጨመረ ይላል። ይኸው ልጣጩ። ጥሬ ነው፤ ድስትም ምድጃም አላየም። የፈለገ ይንካው፣ ይመራል። ስለዚህ ዱባው ወጥ ቤት ሳይገባ መራራ ነበር። ይህች ልጅ አንዳች አልጨመረችበትም።»

ሳጅኑ ጫማውን ተመለከተ።

«‹እንግዲያው የራሱ ጓሮ ገደለው› የሚል ይኖራል። ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ ቢቀብረው ደስ ይለዋል። ግን እዩ፤ እዚህ መደብ ላይ ያለ ዱባ ሁሉ ጭራው ላይ ክር አለው። ያልታሰረ አበባ እዚህ ቤት ፍሬ አይሆንም። የገደለው ዱባ ጭራ ይኸው፤ ክር የለውም። ከዚህ ጓሮ አልበቀለም። ከጭራው ሥር ደግሞ ቀዳዳ አለው። ይህ ምንድነው፣ ዶክተር?»

«ውታፍ ነው» አለች ጥርስ ሐኪሟ። «ስጦታ ነው ማለት ነው። ተቀምሶ የተሰጠ።»

«ተቀምሶ የተሰጠ! ሰጪው ቆርጦታል፣ ምላሱ ላይ አድርጎታል፣ መራራነቱን አውቋል፤ ምላሱ ለሞተ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ‹ይጣፍጣል› ብሎ ሰጥቶታል። ታዲያ ይህን ሕግ የምታውቁ ሦስት ናችሁ። አንዱ ሞቷል። አንቺ፣ ዶክተር፣ ዱባ የለሽም።»

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ዳኛው። «ምላሱ መሞቱን እኔ በምን አውቃለሁ?»

«በኪያር። አንዴ ሰጡት፣ ዋጠ። ለማረጋገጥ ደገሙት።»

«ግምት ነው። ፍርድ ቤት ግምት አይቀበልም።»

«ልክ ነዎት። ግምት ይቅር፣ እንቅመስ።» ትሪ አነሣች፤ በላዩ ቀጫጭን ጥሬ የዱባ ቁራጮች ተደርድረዋል። «ሳጅኑ በፈቃድ ከክቡር ዳኛ ጓሮ አንድ ዱባ ቆርጦ አምጥቷል። ‹ማር ነው› ብለውኛል። ልማዳችሁ ጥሬውን መቅመስ ነው። እንካችሁ።»

ጥርስ ሐኪሟ አመነታች፣ ግን ወሰደች። ልጅቱ ወሰደች። ሳጅኑ የጠዋቱን አስታውሶ ዓይኑን ጨፍኖ ጎረሰ፣ ከዚያ ዓይኑን ገለጠ። ሁሉም አላመጡ። የዳኛው ቁራጭ ግን በጣቶቹ መካከል ቀርቷል፤ እጁ ወደ አፉ ተነሥቶ መንገድ ላይ ቆመ።

«ይቅመሱ እንጂ።»

«ጨጓራ አለብኝ።»

«ትንሽ ነው። የራስዎ ማር ነው።»

«አልፈልግም አልኩ!» ቁራጩን መሬት ላይ ወረወረው፤ ጣቱንም በሱሪው ጠረገ።

«ይጣፍጣል እኮ» አለ ሳጅኑ፣ ግራ ተጋብቶ።

«ይጣፍጣል» አለች መርማሪዋ። «ከዚህ መደብ፣ ከአናጢው መደብ የቆረጥኩት ነው። ዋሸኋችሁ። ክቡር ዳኛ፣ የእርስዎ ጓሮ ነው ስል መራራ ነው ብሎ የነገረዎት ማነው?»

መርማሪዋ ወደ አጥሩ ዞረች።

«ሳጅን፣ ሁለቱንም ጆንያ ድፋቸው።»

ዱባዎቹ አፈሩ ላይ ተንከባለሉ፤ አመድማዎች፣ ባለ ኮከቦች። ሁሉም ከጭራቸው ሥር ውታፍ አላቸው። አንዱም ሳይቀር ተወግቷል፣ ተቀምሷል፣ ተደፍኗል።

«ዱባ ለመስጠት አንድ ይወጋል» አለች መርማሪዋ። «ጓሮ ሙሉ ዱባ የሚወጋ ግን አንዲት ጣፋጭ ፍለጋ የተንከራተተ ሰው ነው። አላገኙም። ለምን? ዘሩ የእርስዎ ስላልሆነ። የሟች ሚስቱ ነው። ለማስታወሻ ብለው ለምነው ወሰዱ፣ ስምዎን ለጠፉበት፣ ሜዳሊያ አጠለቁ። ‹ሌባ ይዣለሁ› ያለኝ እርስዎን ነው። ግን የሰረቁትን እንዴት እንደሚጠብቁት አልሰረቁም! አበባው እንደሚታሰር እንኳ አያውቁም። በርዎ ላይ የጌጥ ዱባ ሰቅለው፣ ንቧ ከዚያ ወደዚህ ስትመላለስ ከርማ፣ የሰበሰቡት ዘር ዘንድሮ እሬት አፈራ።»

«አባዬ ዘንድሮ ትርዒቱ ላይ ሊናገር ነበር» አለች ልጅቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ጠንክሮ። «‹የእናትሽን ስም አስመልሳለሁ› ብሎኛል።»

«ይህንንም ሰምተዋል» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ ይቅርታ ጠያቂ መስለው መጡ፤ ልጅቱ ከእንቅልፏ ሳትነሣ፣ ዱባ ታቅፈው። እሱም ‹ሰው ሲጸጸት ደስ ይላል› ብሎ ተቀበለዎት። በአንድ ዱባ ሁለት ነገር ሊጨርሱ ነው፤ ተናጋሪውን ዝም ሊያሰኙ፣ ከዚያ ደግሞ ‹የአናጢው ዘር መርዝ ነው› ተብሎ የእርስዎም መራራ ዱባ ምክንያት ሊያገኝ። ይህች ልጅ ብትታሰርም ግድ የለም፤ ምሕረት ይጽፉላታል! ያ ብርጭቆ ግን አልገባኝም ነበር። የሚያቃስት ሰው ከጀርባው፣ እጁ የማይደርስበት ድንጋይ ላይ ብርጭቆ አያቆምም። አንድ ሰው ትናንት እዚህ ቆሞ ሲያጣጥር አይቶታል። አይቶ፣ እንደ ውሻ በጥም ትቶት…»

«በጥም አልተውኩትም!» ዳኛው ከወንበሩ ተነሣ፤ ፊቱ በላብ ርሷል። «አውሬ አይደለሁም! ውሃ ለመነኝ፣ ውሃ ሰጠሁት! እንዲታመም እንጂ እንዲሞት አልፈለግኩም፣ ትርዒቱ እስኪያልፍ ብቻ…»

የተናገረውን ራሱ ሰማውና ቀሪውን ዋጠው። ሳጅኑ ካቴናውን አውጥቶ አጠለቀለት።

ልጅቱ ሁለት እርምጃ ቀረበችው። አልጮኸችም። «ጋሽ ዳኛ» አለችው፣ በልጅነቷ እንደምትጠራው፤ «ውሃ ስትሰጠው ስልክ ኪስህ ውስጥ ነበር?»

ዳኛው ወደ ካቴናው አቀረቀረ።

«ነበር?»

«…ነበር።»

እጇ ተነሣ። ጥርስ ሐኪሟ ልትይዛት ስትል ልጅቱ ራሷ አወረደችው፤ ፀጉር ሥራ እንደ ጨረሰች ሁሉ ጣቶቿን በቀሚሷ ጠረገች።

መርማሪዋ ልትናገር ብዙ ነገር አፏ ላይ ነበር። በዕድሜው ሙሉ በሰው ልጅ ላይ እስራት ሲደረድር ስለኖረ እጅ፣ ስለ አንድ ሜዳሊያ፣ ስለ አንዲት መምህርት ስም። አንዱንም አልተናገረችም። ለእሱ ንግግር መስጠት ክብር መስጠት መሰላት።

«መኪናዬ በር ላይ ነው» አለ ዳኛው ለሳጅኑ፣ ዝቅ ብሎ። «በእሱ እንሂድ። ሰው አይየን። ኮቴንም እጄ ላይ ጣል አድርግልኝ።»

ሳጅኑ ወደ መርማሪዋ ተመለከተ።

«ጣቢያው ቅርብ ነው» አለች። «በእግሩ።»

ወሬው ቀድሟቸው ወጥቶ ነበር። መንገዱ ዳርና ዳር ሰፈሩ ደጃፍ ደጃፉ ላይ፣ ደረጃና በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ዳኛው ካቴናው እየታየ፣ ለስድብ ተዘጋጅቶ፣ አንገቱን ቀብሮ መጣ። ማንም አልሰደበውም። ማንም ድንጋይ አላነሣም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በገባበት አዳራሽ ሁሉ ሰው ብድግ ብሎ ሲቀበለው የኖረው ሰው፣ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያልፍ፣ አንድም ሰው ከመቀመጫው አልተነሣለትም።